በአንድ ጸሎት አንድ ጠብታ

ሲስተር አስቴር ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል የጻፈችልኝ ደብዳቤ የሚጀምረው ስለ መርፌ ነው። ለጨቅላ ሕፃናት የሚሆኑ ቀጫጭን መርፌዎች ሦስት ብቻ እንደቀሩ ትነግረኝና፣ ትምህርት ቤታችን ደንዘዋል ብሎ የሚጥላቸው ካሉ ለምኜ፣ በድንጋይ ስዬ እንድልክላት ትጠይቀኛለች። ቀጥላ ስለ ብርዱ ትጽፋለች። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ጋሼ ይፍሩ ባለፈው ሳምንት አርፈው አንኮበር ከወላጆቻቸው አጠገብ ተቀበሩ። መርፌ የሚስልልን ሰው ስለሌለ ነው የማስቸግርሽ።»

ሲስተር አስቴር ሐዘኗን በብዙ ቃል የምትገልጽ ሰው አይደለችም። ደብዳቤውን አጥፌ የደንብ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ክፍል ገባሁ። መምህራችን ስለ ልብ ክፍሎች ያስረዱ ነበር። የጻፍኩትን ማስታወሻ አሁን ሳየው ከግማሽ በኋላ ምንም የለበትም።

እኔ አዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ለሁለት ወር ልምምድ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተልኬ ነበር። ጋሼ ይፍሩን የማውቃቸው እነዚያን ሁለት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሕይወታቸው ብዙ አውቃለሁ አልልም። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጋሼ ይፍሩ በሕፃናት ክፍል ድሬሰር፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ ትንሽ የጎበጡ ሰው ነበሩ። ነጩ ካፖርታቸው ከእጥበት ብዛት አመድ መስሏል። የመነጽራቸው አንዱ ዘንግ ስለተሰበረ በክር ከጆሯቸው ጋር ያስሩታል። እግራቸው ያብጥባቸው ስለነበር ብዙ መቆም አይችሉም፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ገልብጠው እየተቀመጡበት፣ እሱኑ እየጎተቱ ከአልጋ አልጋ ይሄዳሉ። ቆርቆሮው በሲሚንቶው ወለል ላይ ሲንኳኳ የክፍሉ እናቶች ሁሉ ቀና ይላሉ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» ስላቸው፣

«ደክሞኝ አደርኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል።

ይህን የሚሉት እንደ ምሬት አልነበረም። ውጭ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው ነበር የሚናገሩት።

ሥራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሰውነቱ ደርቆ፣ መጥባት አቅቶት የሚመጣ ጨቅላ ግሉኮስ የሚሰጠው በራስ ቅሉ ላይ ባለች የደም ሥር ነው። የደም ሥሯ ከክር አትወፍርም። ውሃው በደቂቃ ሦስት ጠብታ ብቻ እንዲወርድ ይፈለጋል። ከዚያ ከዘገየ መርፌው ውስጥ ደም ይረጋና ይደፈናል። ከፈጠነ ደግሞ ውሃው የልጁን ሳንባ ሞልቶ ያፍነዋል። ጋሼ ይፍሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብለው ይውሉ ነበር። ገጠሬዎቹ «ዶክተር» ብለው ሲጠሯቸው፣ «ዶክተሩ ያውላችሁ፤ እኔ ውሃ ጠባቂ ነኝ» ይላሉ። አባታቸው ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው ላይ የመስኖ ውሃ ተራ ጠባቂ ነበሩ። እሳቸውም ልጅ እያሉ ቦይ ዳር ተቀምጠው መዋላቸውን ነግረውኛል።

መርፌውን ራሳቸው ይስሉታል። መዳፍ የምታህል ጥቁር ድንጋይ ነበረቻቸው። ጫፉን በድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ካሉት በኋላ በጥጥ ላይ ይጎትቱታል። ጥጡ ክር ከያዘ አሁንም ጥርስ አለው ማለት ነው፤ እንደገና ይጀምራሉ። ከዚያ ይቀቀላል። በመቀጠል የልጁን ራስ በጎን በኩል በምላጭ ይላጫሉ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። የተላጨችውን ጸጉር አይጥሏትም፤ በወረቀት ጠቅልለው ለእናትየዋ ይሰጧታል። የልጇ የመጀመሪያ ጸጉር ሜዳ ላይ ሲወድቅ ማየት የምትወድ እናት የለችም። ያቺን ወረቀት ተቀብላ ጡቷ ሥር ከሸጎጠች በኋላ፣ ጋሼ ይፍሩ የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች።

መርፌው ከገባ በኋላ የክብሪት ቀፎ ለሁለት ቆርጠው እንደ ጎጆ ይደፉበታል፤ ዙሪያውን በፕላስተር ይይዙታል። አንድ ቀን አንዲት የመንዝ አያት ብርድ እንዳይመታው ብለው የልጅ ልጃቸውን አናት ቅቤ ቀብተው ፕላስተሩ ሁሉ ተላቀቀ። እኔ ልቆጣ ስል ጋሼ ይፍሩ ዝም አሰኙኝ።

«እማማ፣ ቅቤው ደግ ነው» አሏቸው። «ግን ራሱን ለእኔ ይተዉልኝ። እግሩ የእርስዎ ይሁን፤ እንደፈለጉ ይቀቡት።»

«እግር በቅቤ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ለዚህ ነው የሰጠሁዎት።»

አያትየው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ልጅ እግር ሲያብረቀርቅ ይውል ነበር፤ መርፌው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆየ።

ስድስት አልጋ ላለው ክፍል የነበረን አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። እናቶቹ አብዛኞቹ ሰዓት አያነቡም። ስለዚህ ጋሼ ይፍሩ ጠብታውን በጸሎት ያስቆጥሯቸዋል። «አቡነ ዘበሰማያትን እንደ ቤተ ክርስቲያን አድርገሽ ቀስ ብለሽ ድገሚ። ስትጨርሺ አንድ ጠብታ መውደቅ አለበት። ሳትጨርሺ ከወደቀ ጥሪኝ፤ ጨርሰሽ ካልወደቀም ጥሪኝ።» ይህን መጀመሪያ ስሰማ ከትምህርት መጽሐፋችን ጋር የማይሄድ መስሎኝ በሰዓቴ ለካሁት። አንዱ ጸሎት ሃያ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በደቂቃ ሦስት ጠብታ መሆኑ ነው።

ዘይነባ የመጣችው ልምምዴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ቤቷ አሊዩ አምባ ነው። የስምንት ቀን ልጇን አቅፋ በወንድሟ በቅሎ አንኮበር ድረስ ወጣች፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደረሰች። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ጎድጉዷል፤ መጥባት ትቷል። ዶክተሩ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ ሲጠይቃት ጣቷን አጠፈችና «አራት ወልጃለሁ፤ ያለኝ ይሄ ነው» አለችው።

ጋሼ ይፍሩ ጸሎቱን ሊያስረዷት ሲጀምሩ ወዲያው ገባት። «እኛም አለን፣ አያ ይፍሩ» ብላ ፋቲሃን ቀስ አድርጋ ቀራች። እሳቸው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ አዳመጧት። እኩል ሃያ ሰከንድ ያህል ሆነ።

«ትክክል ነው። ፈጣሪም ሰዓቱን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የሞላው» አሉ።

እሷ ግን ከዚያም አልፋ ሙስበሃዋን አወጣች፤ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ነው። አንድ ጠብታ በወደቀ ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች። ጋሼ ይፍሩ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ወንበር ላይ አስቁመውኝ በሰዓቱ መስታወት ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ አስደረጉኝ። ረጅሙ ዘንግ ከላይኛው ነጥብ ተነስቶ፣ ታች ደርሶ ትንሽ እንዳለፈ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ሙስበሃው አንድ ዙር ያልቃል። ቀድሞ ካለቀ ውሃው ፈጥኗል፤ ከዘገየ ሊደፈን ነው። ሌሎቹ እናቶችም የዘይነባን ሙስበሃ እያዩ የራሳቸውን ጠብታ ያመሳክሩ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን በልጁ ራስ ግራ በኩል ያለችው ደም ሥር ተበላሸች። የእጁና የእግሩ አስቀድሞ ተሞክረው ነበር። ጋሼ ይፍሩ እስኪያልባቸው ድረስ የልጁን ራስ በሞቀ ጨርቅ እያሹ ፈልገው፣ በቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ አንዲት ደም ሥር አገኙ። ዶክተሩ መርፌው ከገባ በኋላ አጎንብሶ አየና፣ «ይቺ የመጨረሻዋ ናት። እስኪጠባ ድረስ ከቆየች ይተርፋል፤ ከጠፋች ሌላ ቦታ የለኝም» አለ። ዘይነባ በትክክል ሰምታዋለች። ፍሬዎቹን ማሳለፍ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሆነውን አሁንም በግልጽ አስታውሳለሁ። ጋሼ ይፍሩ መርፌ ለመቀቀል ወደ መቀቀያ ክፍል ሲሄዱ ልጁን ለእኔ ሰጡኝ። በግሉኮሱ ጠርሙስ ጎን ፕላስተር ተለጥፎ፣ ውሃው በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት በእርሳስ ተሰምሮበታል። ሳየው ውሃው ከመስመሩ ወደ ኋላ ቀርቷል። በአራት ሰዓት ዶክተሩ ሊጎበኝ ይመጣል። በእኔ እጅ እያለ ወደ ኋላ ቀርቶ እንዲያየው አልፈለግኩም። ጥሩ ተማሪ መባል እወዳለሁ፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። በጎማው ቱቦ ላይ ያለውን መቆንጠጫ ትንሽ አላላሁት። ውሃው መስመሩ ላይ ሲደርስ መልሼ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር። ወዲያው ከአራተኛው አልጋ ተጠራሁና ልጅ ላገላብጥ ሄድኩ፤ ከዚያ አንሶላ ስቀይር ቆየሁ።

«እህቴ፣ ሙስበሃዬ ቀድሞ አለቀ» አለችኝ ዘይነባ።

«ዘለሽ ቆጥረሽ ይሆናል።»

«አልዘለልኩም።»

«እንደገና ጀምሪው እንግዲህ» አልኳት። ፊቴን እንኳን አላዞርኩም።

አልጀመረችም። ልጇን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሼ ይፍሩ ከኋላዋ ሲመጡ ሰማሁ። ቆርቆሯቸውን አልያዙም። በዚያ እግራቸው ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። መቆንጠጫውን አጠበቁ፤ ጆሯቸውን ልጁ ደረት ላይ አደረጉ። የልጁ አፍንጫ ይከፈትና ይከደን ነበር፤ ትንፋሹ እንደ ወፍ ጫጩት ይቆራረጣል።

«ዶክተሩን ጥሪ» አሉኝ። ሮጬ ሄድኩ።

ዶክተሩ መጥቶ መድኃኒት ሰጠው፤ ልጁን ከወገቡ ቀና አድርገን እንድናስተኛው አዘዘ። መርፌውን መንቀል አይቻልም፤ የመጨረሻው ነው። መዝጋትም አይቻልም፤ ይደፈናል። «እስኪሻለው ድረስ ከወትሮው በግማሽ ይውረድ፤ ግን እንዳይቆም» አለ። በሁለት ጸሎት አንድ ጠብታ ማለት ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ቀና ብሎ አየና፣ «ማነው የከፈተው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ።

«በእኔ ተራ ነው የሆነው» አሉ ጋሼ ይፍሩ። ተራው በእርግጥ የእሳቸው ነበር።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከሌሊት ጀምሮ ቀዶ ጥገና ላይ የቆየ ሰው ነበር። «አቶ ይፍሩ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ይህን ስንት ጊዜ ተነጋገርን? ከእንግዲህ ሕፃናቱን ሌላ ሰው ይያዝ። እርስዎ ቁስል ማጠቢያ ይሁኑ።»

«ይሄ ልጅ እስኪጠባ ልቆይ።»

«እስኪጠባ» አለና ሄደ።

እኔ ተከትዬው ልወጣ ስል ጋሼ ይፍሩ ክንዴን ያዙኝ። «ወዴት ነው?»

«እውነቱን ልነግረው።»

«አሁን ከነገርሽው ወደ አዲስ አበባ ይመልሱሻል። እኔ አሁን ሁለት እጅ እፈልጋለሁ። በኋላ ትነግሪዋለሽ።» ቆርቆሯቸውን ስቤ አመጣሁላቸው፤ እያቃሰቱ ተቀመጡ። «ይልቅ እሷን ይቅርታ ጠይቂያት። ነግራሽ ነበር።»

ዘይነባ አጠገብ ተንበረከክሁ። ምን እንዳልኳት ሁሉንም አላስታውስም። እሷ ልጇን እያየች ሰማችኝ።

«ተይው እህቴ» አለች። «እኔና አንቺ ከተጣላን ማን ይቆጥራል? ነይ፣ አንዱን ፋቲሃ እኔ ልቅራ፣ አንዱን ጸሎት አንቺ በዪ።»

እንዲሁ አደረግን። እሷ ስትጨርስ እኔ እጀምራለሁ፤ እኔ ስጨርስ ጠብታው ይወድቃል፤ እሷ ፍሬ ታሳልፋለች። ጋሼ ይፍሩ ጣታቸውን ከመቆንጠጫው ላይ አላነሱም። እንጀራ ይዤላቸው ስመጣ በግራ እጃቸው ሁለት ጉርሻ በልተው ተዉት። ከቀትር በኋላ የልጁ ትንፋሽ ረጋ እያለ ሄደ። ዶክተሩ ብቅ ብሎ ካየው በኋላ፣ ወደ ወትሮው ልክ እንድንመልሰው ፈቀደ። ጋሼ ይፍሩ መቆንጠጫውን ትንሽ ሲያላሉት ግን ጠብታ አልወረደም። እኔ ጸሎቱን ጨረስኩ። ዘይነባ ፋቲሃን እንደገና ቀራች። ጠብታ የለም። ፍሬዋን በጣቶቿ መሃል ይዛ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ በሲሪንጅ ትንሽ ልግፋው?»

«አትግፊ።» ይህን ቃል በሁለት ወር ውስጥ ከማንኛውም ቃል በላይ ሰምቼዋለሁ። «ብትገፊው ወይ ደም ሥሩን ትቀጂዋለሽ፣ ወይ የረጋውን ደም ወደ ልጁ ትልኪዋለሽ። መጀመሪያ ምን እንዳገደው ጠይቂው።»

ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱ፤ አልታጠፈም። ጠርሙሱን አንድ ስንዝር ከፍ አስደረጉኝ። የልጁን አንገት ትንሽ አቀኑ። ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ በመጀመሪያ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ለኩና ከክብሪት ቀፎው በታች አኖሩት። ጠበቅን። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ጉም ስለሚወርድባት ክፍሉ ጨለምለም ብሏል፤ መስኮቱ በእስትንፋሳችን ላቦት ይዟል። ከዚያ ቱቦውን ነቅለው ትንሿን ሲሪንጅ መርፌው ላይ ገጠሙና ወደ ራሳቸው ሳቡ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ አይታይም ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ጥቁር፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል የረጋች ደም ወደ ሲሪንጁ ገባች። ከኋላዋ ቀይ ደም ተከተለ።

ሲሪንጁን አውጥተው ቱቦውን መለሱ። መቆንጠጫውን ከፈት አደረጉ።

ጠብታው ወረደ። ዘይነባ ፍሬዋን አሳለፈች።

«አልሃምዱሊላህ» አለች በቀስታ። ጋሼ ይፍሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉና፣ «ደከመኝ» አሉ።

ልጁ የጠባው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሦስት ጊዜ ስቦ አረፈ፤ ከዚያ እንደገና ሳበ። ዘይነባ እንድናይ በነጠላዋ አልተሸፈነችም። በጠባ በሁለተኛው ቀን ጋሼ ይፍሩ ፕላስተሩን በሞቀ ውሃ እያራሱ አነሱት፤ የክብሪት ቀፎውን አወጡ፤ መርፌውን ነቅለው በአውራ ጣታቸው ለረጅም ጊዜ ያዙት። መርፌውን ለእኔ ሰጡኝ። «እጠቢውና ሳይው። ጥጥ ላይ መሞከር እንዳትረሺ።» ተነስተው ቆርቆሯቸውን እየጎተቱ በኮሪደሩ ወደ ቁስል ማጠቢያው ሄዱ። እናቶቹ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቀና ብለው ቆዩ።

የቀሩኝን ሳምንታት እዚያው ሕፃናት ክፍል ጨረስኩ። በየጠዋቱ በቁስል ማጠቢያው በር አልፋለሁ። ጋሼ ይፍሩ በሬ የወጋውን፣ ማጭድ የቆረጠውን ገበሬ እግር ሲያጥቡ አገኛቸዋለሁ። ቀና ሳይሉ፣

«ስንት ነው ዛሬ?» ይሉኛል።

«ሦስት ጠብታ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ።»

ለዶክተሩ ነግሬው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። «በኋላ» ያሉት መቼ እንደሆነ ለእኔ የተተወ ነበር። እኔ በየቀኑ ነገ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻው ቀን ዶክተሩ በልምምድ ወረቀቴ ላይ «ጠንቃቃ ናት» ብሎ ጻፈልኝ፤ አመስግኜ ተቀበልኩት። ጋሼ ይፍሩን ስሰናበታቸው እጃቸው ሳሙና ስለነበረው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

የሲስተር አስቴር ደብዳቤ ጀርባ ላይም ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት ማታ መኝታ ክፍላችን ስገባ ነው። ጋሼ ይፍሩ በመጨረሻ ሳምንታቸው እዚያው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለራሳቸው ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሲስተር አስቴር እንዲህ ትላለች፤ «ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ‹ፈጥኗል› አሉኝ። አልፈጠነም ብዬ ልሄድ ነበር። በሰዓቴ ስቆጥረው እውነትም ፈጥኖ ነበር።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ ትምህርት ቤታችን የሚጥላቸውን መርፌዎች ለመንኩ፤ አሥራ አንድ ሰጡኝ። ከመርካቶ የመሳያ ድንጋይ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተበላሹብኝ። ዘጠኙ ግን ጥጥ ላይ ክር ሳይዙ ያልፋሉ።

ለዶክተሩም ጻፍኩ። ስድስት ወር ያቆየሁት ነገር ሲጻፍ ሦስት መስመር ብቻ ሆነ። «ያን ቀን የዘይነባን ልጅ መቆንጠጫ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናትየዋ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የአቶ ይፍሩ ዓይን አልተሳሳተም።» ስሜን ሙሉውን ከእነአባቴ ጻፍኩበት። መርፌዎቹን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ወረቀቱን ከላይ አድርጌ፣ አንድ ላይ አሰርኳቸውና ዛሬ ጠዋት ለደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁት።